አሮጌ መኪና ጠዋት አልነሳ ሲል፦ ከደብረ ብርሃን እስከ ሸዋ ሮቢት

ሰሜን ሸዋ ውስጥ ካርቡሬተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው እቃ) ያላቸው አሮጌ መኪኖች አሁንም ይነዳሉ፣ ቮልስ አለ፣ ፔጆ 404 አለ፣ ፊያት፣ ላዳ፣ ላንድሮቨር፣ ባለቤቶቹም የሚያነሱት ቅሬታ ተመሳሳይ ነው፣ ጠዋት አልነሳም አለኝ። መልሱ ግን ሌላ አገር ከሚሰጠው ትንሽ ይለያል ምክንያቱም ደብረ ብርሃን ያለችው 2,800 ሜትር አካባቢ ላይ ነው፣ ጣርማበር ከ3,000 በላይ ነው፣ ከዛ በደብረ ሲና ወርደህ ሸዋ ሮቢት ስትገባ 1,300 ገደማ ትደርሳለህ፣ ይሄ ሁሉ መቶ ኪሎሜትር በማይሞላ መንገድ ላይ ነው። አንድ ሞተር በአንድ ቀን ብርዱንም ሙቀቱንም የአየሩን መሳሳትም ያያል ማለት ነው።

ብዙ ሰው መጀመሪያ ካርቡሬተሩን ይፈታል። እኔ በዚህ በፍጹም አልስማማም። ካርቡሬተር የመጨረሻው ነው፣ መጀመሪያ ባትሪ፣ ከዛ እሳት (ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለው ብልጭታ)፣ ከዛ ቤንዚን።

ባትሪው ላይ ቆም እንበል። በጥቅምትና በህዳር አመዳዩ ሲወርድ የደብረ ብርሃን ሌሊት ወደ ዜሮ ዲግሪ ይጠጋል፣ በዜሮ ዲግሪ ደግሞ ባትሪ ሲሶ የሚሆን ጉልበቱን ያጣል፣ ዘይቱም ይወፍርና ሞተሪኖው (ማስነሻው) ሞተሩን ለማዞር ብዙ ከረንት ይስባል፣ በዛች ሰአት ቮልቱ ከ9.6 በታች ከወረደ ለቦቢናው (ለብልጭታው ቮልቱን ከፍ ለሚያደርገው) የሚደርሰው ትንሽ ስለሚሆን የካንዴላው (ሲሊንደር ውስጥ ብልጭታ የሚሰጠው) እሳት ይደክማል። ስለዚህ ሞተሩ እየዞረ አልነሳ ቢል እንኳን ጥፋቱ የባትሪ ሊሆን ይችላል፣ ይሄን ነው ብዙ ሰው የማያስበው። ያደረ ባትሪ 12.6 ቮልት ካሳየ ሙሉ ነው፣ 12.2 ካሳየ ግማሽ ነው፣ ለዛ ብርድ ግማሽ አይበቃም። እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) የተሰሩ ቮልሶች ደግሞ ባለ 6 ቮልት ስለሆኑ የባሰ ይቸገራሉ። የባትሪው ጫፍ ላይ ነጭ ወይ አረንጓዴ ነገር ካበቀለ በሙቅ ውሃና በሶዳ አጥቦ በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግ፣ ከዛ ማሳው (ከባትሪው ወደ መኪናው ብረት የሚሄደው ገመድ) ከቦዲና ከካምቢዮ (ማርሽ ሳጥን) ጋር የሚታሰርበትን ማየት፣ አዲስ ባትሪ ከመግዛት በፊት ይሄ ይደረግ። ዘይትም ቢሆን ለሮቢት የሚስማማው 20-50 ለደብረ ብርሃን ህዳር ወፍራም ነው፣ የሞተሩ ማንዋል ከፈቀደ ቀጠን ያለ ይሻላል።

እሳቱን ለማየት ካንዴላውን ፈትቶ ከገመዱ ጋር አያይዞ ብረቱን ማሳ (የሞተሩን ብረት) ማስነካትና ሰው እንዲያስነሳ ማድረግ ነው፣ ቤንዚን የፈሰሰበት ቦታ ግን በጭራሽ እንዳይሞከር። ብልጭታው ሰማያዊ ከሆነ ጥሩ፣ ቢጫና ቀጭን ከሆነ ፑንቲናው (የቦቢናውን ከረንት እየከፈተ የሚዘጋው) ይታይ። ቮልስ ላይ የፑንቲናው ክፍተት 0.4 ሚሊሜትር ነው፣ ሲሰራ ሲሰራ የሚታሸው ክፍል እያለቀ ክፍተቱ ይጠባል፣ ሲጠብ እሳቱ ይዘገያል፣ የዘገየ እሳት ያለው ሞተር በብርድ አይነሳም። ፑንቲናው ቶሎ ቶሎ የሚቃጠል ከሆነ ጥፋቱ የኮንዴንሰሩ (ፑንቲናው ላይ ብልጭታ እንዳይበዛ የሚከላከለው) ነው፣ እሱ ይቀየር።

ወደ ቤንዚኑ ስንመጣ ከፍታው ይገባል። ደብረ ብርሃን ላይ የአየሩ ግፊት ባህር ጠለል ላይ ካለው 70 ፐርሰንት ትንሽ በለጥ ቢል ነው፣ ለዝቅተኛ ቦታ የተስተካከለ ካርቡሬተር ግን ቤንዚኑን እንደድሮው ስለሚሰጥ ድብልቁ ይወፍራል፣ ቤንዚኑ ለአየሩ ይበዛል ማለት ነው። ሰውየው ቾክ (ለብርድ ድብልቁን የሚያወፍረው) ስቦ ፔዳሉን ደጋግሞ ሲረግጠው ካንዴላዎቹ ይርሳሉ፣ ከዛ በኋላ ቢያዞረው ቢያዞረው ዋጋ የለውም። መፍትሄው ቾኩን መልሶ ፔዳሉን እስከ መጨረሻ ረግጦ ይዞ (እግር ሳያነሱ፣ ሳያፓምፑ) ለጥቂት ሰከንድ ማዞር ነው፣ ካልሆነ ካንዴላዎቹን አውጥቶ ማድረቅ። በጀሪካን የተገዛ ቤንዚን ከሆነ ደግሞ በብርጭቆ ቀድቶ ማስቀመጥ ነው፣ ውሃ ካለው ከስር ይዘቅጣል። በካርቡሬተሩ አፍ ቤንዚን አፍስሶ ማስነሳት የሚባለው ልማድ ግን እሳቱ ወደ ላይ ሲመለስ ፊት ያቃጥላል፣ ይቅር።

ሮቢት ላይ ችግሩ ይገለበጣል፣ ጠዋት ይነሳል፣ ሞቆ ከቆመ በኋላ ነው የሚያስቸግረው። ቮልስ ላይ ከቁልፉ ወደ ኋላ ወደ ሞተሪኖው የሚሄደው ሽቦ ረጅም ስለሆነ ሲያረጅና ሲሞቅ ከረንቱ በመንገድ ይቀራል፣ ቸክ ብሎ ዝም ይላል። ሞተሪኖ አስጠግኑ ይባላል ግን ብዙ ጊዜ አንድ ሪሌ (በትንሽ ከረንት ትልቁን የሚያበራ ማብሪያ) መሃል ማስገባት ይበቃዋል። ሌላው ከሮቢት ወደ ጣርማበር ሲወጣ ቤንዚኑ ፖምፓው ውስጥ ወይ መስመሩ ላይ ፈልቶ ተን መሆኑ ነው፣ ሞተሩ ይሞቃል፣ ከፍ በተባለ ቁጥር ደግሞ ግፊቱ ስለሚቀንስ ቤንዚን ባነሰ ሙቀት ይፈላል። ዳር ይዞ ሞተሩን ማጥፋት፣ ኮፋኖ ከፍቶ መጠበቅ፣ ፖምፓው ላይ እርጥብ ጨርቅ ማድረግ።

በግፊ ለማስነሳት ሁለተኛ ማርሽ ይሻላል። ዲናሞ ያለው አሮጌ መኪና ባትሪው በጣም ቢደክምም ቁልቁለት ካገኘ ሊነሳ ይችላል፣ ኦልተርኔተር (በዲናሞ ቦታ የመጣው ቻርጅ ማድረጊያ) ያለው ግን ትንሽ ቻርጅ ሊቀረው ይገባል። ናፍጣ ላንድክሩዘር ሌላ ነው፣ ካንዴሌታው (ሲሊንደሩን ቀድሞ የሚያሞቀው) እስኪሞቅ መታገስ ብቻ።

ይሄ ሁሉ ታይቶ ካልተነሳ ወደ ጋራዥ ሄዶ ኮምፕሬሽን (ሲሊንደር ውስጥ የሚታመቀውን አየር ግፊት) ማስለካት ነው፣ እዚህ ጋ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ባህር ጠለል ላይ 8 ባር የሚያሳይ ጤነኛ ሞተር ደብረ ብርሃን ላይ 6 አካባቢ ያሳያል፣ ማንዋሉ ላይ ያለውን ቁጥር ብቻ አይቶ ሞተሩ አልቋል ቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ይውረድ የሚል ካለ አትስሙት። መታየት ያለበት አራቱ ሲሊንደሮች እርስ በርስ መቀራረባቸው ነው፣ አንዱ ከሌሎቹ በጣም ከወረደ መጀመሪያ የቫልቩ ክፍተት ሞተሩ ቀዝቅዞ እያለ ይስተካከልና እንደገና ይለካ።