«አንተ አምስት ቁጥር ነህ»፦ የጠባይ መለኪያና የጥንቱ ጥበብ ሲደባለቁ

ከዚራ በረንዳ ላይ ቡና ስንጠጣ የእህቴ ልጅ ስልኳን አይታ «ጋሼ፣ አንተ አምስት ቁጥር ነህ» አለችኝ። (በድሬዳዋ አንቱታ አይበረክትም፤ የመሀል አገር እንግዳ እስኪለምደው ይደነግጣል።) ቁጥሩ ኤኒያግራም ከሚባለው፣ ሰውን በዘጠኝ ጠባይ ከሚከፍለው መለኪያ የመጣ ነው፤ በእርሱ አምስት ቁጥር ማለት ዳር ቆሞ የሚመለከት፣ እውቀቱንም ገንዘቡንም የሚሰስት ሰው ነው አሉ። ስስቱን ሒሳብ ከፍዬ አስተባበልኩ። ቀጥላ ያለችው ግን አልለቀቀኝም፦ «ይህ እኮ ጥንታዊ የሱፊዎች ጥበብ ነው፤ ሐረር ያለው ዓይነት።» ከዚያ ወዲህ ይህንኑና የመሰሉትን ከብዙ ሰው ሰምቻለሁ። ዓመታቱን የምጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

«ኤኒያግራም ከሱፊዎች የወረደ የሺህ ዓመት ምስጢር ነው»

ዘጠኝ ነጥብ ያለበትን ክብ ለምዕራቡ ዓለም ያስተዋወቀው በ1949 የሞተው መንፈሳዊ መምህር ጆርጅ ጉርጂየፍ ነው። ትምህርቱን መካከለኛው እስያ ውስጥ ከተሰወረ ማኅበር እንዳገኘ ይናገር ነበር፤ ማኅበሩን ፈልጎ ያገኘው ሰው ግን የለም። ደግሞም ጉርጂየፍ በክቡ የሚያስረዳው የፍጥረትን ሕግ እንጂ የሰውን ጠባይ አልነበረም። ዘጠኙን ጠባዮች በነጥቦቹ ላይ የደረደረው ቦሊቪያ ውስጥ የተወለደው ኦስካር ኢቻዞ ነው፤ በ1970 ገደማ አሪካ በምትባል የቺሊ ከተማ ያስተምር ነበር። ከእርሱ የተማረው የሥነ አእምሮ ሐኪም ክላውዲዮ ናራንሆ ወደ ካሊፎርኒያ ወሰደው፤ ከዚያ የካቶሊክ ኢየሱሳውያን ካህናት እየተቀባበሉ አሠራጩት። በ1902 ከባቡሩ ጋር የተቆረቆረችው ድሬዳዋ እንኳ ለዘጠኙ ጠባዮች ታላቅ እህታቸው ናት።

ሐረር በእርግጥ የሱፊ ከተማ ናት። ጁገል ግንብ ውስጥ 82 መስጊዶችና 102 የወሊዮች (የእስልምና ቅዱሳን) መካነ መቃብር ይቆጠራሉ፤ ቃዲሪያ የሚባለው የሱፊዎች መንገድም ሥር የሰደደ ነው። ዚክር (ፈጣሪን የሚያወሱበት ጉባኤ) ላይ ተቀምጦ «ስንት ቁጥር ነህ?» የተባለ ሰው ግን አልሰማሁም።

«እኛ ግን የራሳችን፣ ከማንም ያልተቀዳ አውደ ነገሥት አለን»

እዚህ ላይ ክርክሩ ይጦፋል፤ እኔም ደስ የሚለኝ እዚህ ነው። አውደ ነገሥት የተባለው የደብተራ ኮከብ ቆጠራ መጽሐፍ የስምና የእናት ስም ፊደላትን ቁጥር ደምሮ ለ12 ያካፍላል፤ ቀሪው ኮከብህን ይነግርሃል። የኮከቦቹን ስም ግን ጮክ ብላችሁ ለአንድ የሐረር ቁርኣን ተማሪ አንብቡለት፦ ሐመል፣ ሠውር፣ ገውዝ፣ ሸርጣን፣ አሰድ፣ ሰንቡላ፣ ሚዛን፣ አቅራብ፣ ቀውስ፣ ጀዲ፣ ደለዊ፣ ሑት። ፈገግ ይላል፤ ሁሉም ዐረብኛ ነዋ! ደብተራው በግእዝ መጽሐፉ የሚቆጥረው ኮከብ የዐረብኛ ስሙን እንደያዘ የመጣ ነው፤ የአሥራ ሁለቱ ክፍል ሐሳብ ራሱ የተወለደው ባቢሎን ነው። ይህ ነውር አይደለም። ነውሩ ዕቃው ከየት እንደመጣ መካድ ነው።

ደግሞ ስሌቱ ከጋዜጣው ኮከብ ጋር አይስማማም። ጋዜጣው የልደት ቀን ይጠይቃል፣ አውደ ነገሥት ስም። እኔ በስሜ አሰድ፣ በልደቴ ሑት ነኝ፤ አንበሳም ዓሣም። በክርስትና ስሜ ቢሰላ ሦስተኛ እንስሳ ሳይጨመርብኝ አይቀርም።

«አራቱ የእንግሊዝኛ ፊደላት ያሉት መለኪያ ሳይንስ ነው»

ለእያንዳንዱ አራት ፊደል እየሰጠ ሰውን በ16 ዓይነት የሚከፍለውን መጠይቅ (MBTI) ያዘጋጁት አሜሪካውያኑ እናትና ልጅ ካትሪን ብሪግስና ኢዛቤል ማየርስ ናቸው፤ መነሻቸው የስዊሱ የሥነ አእምሮ ሐኪም የካርል ዩንግ የ1921 መጽሐፍ ነበር። ሁለቱም በሥነ ልቦና አልሠለጠኑም። ዋናው ችግር አከፋፈሉ ነው፦ ከመሀሉ በአንድ ነጥብ ወዲህና ወዲያ ያሉ ሁለት ሰዎች ተቃራኒ ይባላሉ፣ በጣም የተራራቁት ደግሞ አንድ ዓይነት። በሁለተኛው ሙከራ ሌላ ፊደል የሚወጣላቸውም ጥቂት አይደሉም።

«ግን እኮ ልክ እኔን ነው የገለጸኝ!»

በ1948 በርትራም ፎረር የተባለ መምህር ለ39 ተማሪዎቹ «የየራሳችሁ የጠባይ መለኪያ ውጤት» ብሎ ወረቀት አደላቸው። ምን ያህል በትክክል እንደገለጻቸው ሲጠየቁ ከ5 ነጥብ በአማካይ 4.26 ሰጡት። ወረቀቱ የሁሉም አንድ ነበር፤ አብዛኛው ቃልም የተለቀመው ከኮከብ ቆጠራ መጽሐፍ ነው።

«የጥንቶቹም ሰውን በዓይነት በዓይነት ይለዩ ነበር»

ከሁሉም ስሕተት ይህኛው ይከነክነኛል፤ ምክንያቱም እውነት የሚመስል ነገር አለው። በ399 ያረፈው የግብጽ በረሃ መነኩሴ ኤዋግሪዮስ ስምንት ክፉ ሐሳቦችን ዘርዝሯል፦ ሆዳምነት፣ ዝሙት፣ ፍቅረ ንዋይ፣ ኀዘን፣ ቁጣ፣ ሐኬት፣ ከንቱ ውዳሴ፣ ትዕቢት። የኤኒያግራም ዘጠኝ ድክመቶችም ከዚህ ዝርዝር በኋላ የመጡት ሰባቱ ኃጢአቶች ናቸው፣ ማታለልና ፍርሃት ተጨምረውባቸው። ዝምድናው የታወቀ ነው። ኤዋግሪዮስ ግን «አንተ የቁጣ ሰው ነህ» አላለም። ስምንቱም የሁሉንም መነኩሴ በር ያንኳኳሉ፤ ሐኬት ለምሳሌ ቀትር ላይ ይመጣል፣ ፀሐይ የቆመች ሲመስል። የድሬዳዋን ቀትር የሚያውቅ ሰው ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ሱፊዎቹም እንዲሁ ናቸው። ቁርኣን በክፉ የምታዝዝ ነፍስን (12፥53)፣ ራሷን የምትወቅስ ነፍስን (75፥2)፣ የረጋች ነፍስን (89፥27) ይጠራል፤ በሱፊዎቹ ትምህርት እነዚህ አንድ ሰው የሚወጣቸው ደረጃዎች ናቸው። የቤተ ክርስቲያናችን ሊቃውንትም ሰው ከመሬት፣ ከውሃ፣ ከነፋስና ከእሳት ተሠራ ሲሉ አራቱንም ለእያንዳንዱ ሰው ሰጥተው ነው። እሳቱን ለአንዱ፣ ውሃውን ለሌላው አላከፋፈሉም።

ባለፈው ወር ጁገል ወስጃት የእህቴ ልጅ አንድ ሽማግሌ አገኘች። ዘጠኙን ጠባዮች አንድ በአንድ አንብባ «አባ፣ አንተ የትኛው ነህ?» አለቻቸው። ሽማግሌው በጥሞና አዳምጠው፣ «ሦስተኛውንና ስምንተኛውን ድገሚልኝ» አሉ። ደገመችላቸው። «እነዚህን ዛሬ ጠዋት ነበርኩ» አሏት።