የልጆች ግጥምና ንባብ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ልጅን በግጥምና በዜማ ማጫወት ለንባብ ያዘጋጃል ሲባል አንዳንዱ ወላጅ ይስቃል። ሌላው ደግሞ ከሚገባው በላይ ይጠብቃል። የሚባሉትን አንድ በአንድ እንያቸው።

«ጨዋታ ነው እንጂ ትምህርት አይደለም»

የኦክስፎርድ ተመራማሪዎቹ ሊኔት ብራድሊና ፒተር ብራያንት እ.ኤ.አ. በ1983 ያወጡት ጥናት ሌላ ነገር ያሳያል። በ4 እና በ5 ዓመታቸው ቤት የሚመቱ ቃላትን በጆሮ የሚለዩ ልጆች ከዓመታት በኋላ በንባብ የተሻሉ ሆነው ተገኙ። ለማንበብ ልጁ ቃል ከትንንሽ ድምፆች እንደሚሠራ መስማት አለበት። ግጥም ይህን ሳይታወቀው ያለማምደዋል።

«እንግዲያው ዜማው ብቻ ይበቃል»

አይበቃም። በዚያው ጥናት የበለጠ የተሻሻሉት ከድምፅ ጨዋታው ጋር የፕላስቲክ ፊደላት ይዘው የተለማመዱት ናቸው። በአማርኛ ደግሞ ነገሩ ይመቻል። እስቲ ይህቺን በሉ፦

ዶሮ ዶሮ፣ አለሽ ወይ ጆሮ?
ቶሎ ቶሎ፣ ልስጥሽ ወይ ቆሎ?

(አሁን የፈጠርኳት ናት፤ አትሳቁብኝ።) ልጁ ሲለምዳት «ዶሮ» ብላችሁ በትልቁ ጻፉና «ዶ»ን በ«ጆ» ቀይሩለት። «ሮ» ንቅንቅ አላለችም፤ ቃሉ ግን ሌላ ሆነ። ጆሮው የሰማውን ዓይኑ አየ ማለት ነው። ቀጥሎ ከበድ ያለውን ሞክሩ፦ «ቤት» እና «ሌት»። ቤት የሚመታው «ኤት» የሚለው ድምፅ ነው። በጽሑፍ ግን «ኤ» ለብቻው አይታይም፤ «ቤ» እና «ሌ» ውስጥ ተደብቋል። የሚያሳብቅበት በቀኝ እግራቸው ላይ ያለችው ትንሽ ቀለበት ናት። ያቺን በጣት አሳዩት።

«ሀ ሁ ሂን በቃሉ ካለ ማንበብ ቻለ»

ይሄ የብዙዎቻችን ነው። ልጁ ከ«ሀ» እስከ «ፐ» 231ዱንም ያወርደዋል፣ ቤተሰቡ ያጨበጭባል። ነጥላችሁ «‹ሙ› የትኛው ነው?» ስትሉት ግን «መ፣ ሙ…» ብሎ ከመጀመሪያው ይነሳል። የያዘው ዜማውን ነዋ! ዜማው ጥፋት የለበትም። የኔታ ዘንድም ፊደል በዜማ ይቆጠራል፤ ግን ተማሪው በስንጥር እየነካ ነው። ከሀሁ በኋላ ደግሞ አቡጊዳ ይመጣል። ቅደም ተከተሉ የተቀያየረ ስለሆነ፣ በቃሉ ብቻ የያዘ ሁሉ እዚያ ላይ ይጋለጣል። የድሮ ሰዎች ብልሃታቸውን አያችሁ?

«ዩቲዩብ ከፍቶ መስጠትም ያው ነው»

ያው አይደለም። ተመራማሪዋ ፓትሪሺያ ኩል ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጡት ጥናት፣ የ9 ወር ገደማ አሜሪካውያን ሕፃናት የቻይንኛ ድምፆችን ፊት ለፊት ከሚያጫውታቸው ሰው ተምረዋል። ያንኑ በቪዲዮ ያዩት ግን አልተማሩም። ስክሪን ልጅን አይጠብቅም። እናንተ «ልስጥሽ ወይ…» ብላችሁ ዝም ስትሉ ግን «ቆሎ!» ብሎ የሚጨርሰው እሱ ነው።

«የእንግሊዝኛው ይሻላል»

አዲስ አበባም ዋሽንግተንም የሚባል ነው። በአንድ ቋንቋ ድምፅ መለየት የለመደ ጆሮ ለሌላውም ይጠቅማል። «ጠራ»ን ከ«ተራ» መለየት ግን ከእንግሊዝኛ ዘፈን አይገኝም።

«ድምፄ አያምርም»

ሕፃን ቅላጼ አያርምም። ማዜም ካፈራችሁ እያጨበጨባችሁ በንግግር በሉት፤ ቤት እስከመታ ድረስ ይሠራል።