የኒውትራልና የግራውንድ ቦንዲንግ ምንድን ነው? ትራክ ውስጥስ ምን ይሠራል?

አሜሪካ ውስጥ አሮጌ ትራክ ገዝቶ የምግብ መሸጫ ያደረገ ሰው የፓነሉን፣ ማለትም የብሬከሮቹን ሳጥን፣ ፎቶ አሳየ። ነጩ ሽቦ (ኒውትራሉ) እና ባዶው መዳብ (ግራውንዱ) አንድ ባር ላይ ተደርድረዋል። አንዱ ታዲያ «ምንም ችግር የለውም፤ ቤት ውስጥም ዞሮ ዞሮ ይገናኛሉ» ብሎ አረፈው። ይህችን «ዞሮ ዞሮ» ስንቴ ሰማኋት!

ይገናኛሉ፤ ግን የት? ቦንዲንግ ኒውትራልን ከግራውንድ ጋር ሆን ብሎ አንድ ቦታ ላይ ማሰር ነው። አንድ ቦታ ብቻ። ቤት ከሆነ ዋናው ብሬከር ያለበት ፓነል ላይ ነው። ትራኩ ከውጭ መብራት ሲሰካ ፓነሉ የዚያ ቅርንጫፍ ይሆናል። ስለዚህ ኒውትራሉ ከማንም ሳይነካካ ለብቻው ይቀመጣል፤ ከሻሲው፣ ከትራኩ የብረት አካል፣ ጋር የሚታሰረው ግራውንዱ ነው።

ኒውትራል ውሃው ሁሌ የሚመለስበት ቦይ ነው እንበል። ግራውንድ የጎርፍ ማፋሰሻ ነው፤ አደጋ ካልመጣ ደረቅ መሆን አለበት። ደረቅ ነው ተብሎም ልጆች ይጫወቱበታል። የበሩ እጀታ፣ ደረጃው፣ የምድጃው ብረት፣ ሁሉም ያለው እዚያ ማፋሰሻ ውስጥ ነው። ሁለቱን መሀል ላይ ብታገናኟቸው ውሃው ቀን ከሌት በሁለቱም ይወርዳል። ቦዩ ከተደፈነ ሁሉም በማፋሰሻው ይሄዳል። ማፋሰሻውም ከተደፈነ ልጆቹ ላይ ይሞላል። የስፒናው የግራውንድ እግር ዝጎ፣ ኒውትራሉም ላልቶ ሲገጣጠም ሻሲው 120 ቮልት ይሸከማል ማለት ነው። ትራኩ የቆመው በጎማ ላይ ስለሆነ እርጥብ መሬት ላይ ቆሞ እጀታውን የያዘው ሰው መንገድ ይሆናል።

«እንግዲያው ብረት መሬት ውስጥ እንትከል» የሚለው ደግሞ ከሁሉ ያናድደኛል። የተተከለው ብረት 25 ኦም ቢኖረው 120 ለ25 ሲካፈል 4.8 አምፒር ነው። ባለ20 አምፒሩ ብሬከር ይህን ከቁም ነገር አይቆጥረውም። ብሬከር የሚወርደው የግራውንድ ሽቦው እስከ ምንጩ ድረስ ሳይቋረጥ ሲደርስ ነው። አፈሩ ይህን ሥራ አይሠራም።

ጂኤፍሲአይ ሶኬት ላይ ሰክታችሁ ወዲያው ከወረደም ሶኬቱን አትሳደቡ። በፌዝ፣ መብራቱን በሚያመጣው ሽቦ፣ ሄዶ በኒውትራል በተመለሰው መካከል 5 ሚሊአምፒር ያህል ልዩነት ካየ ይቆርጣል። እናንተ ግማሹን በግራውንድ ልካችሁታል።

ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ከአንዲት አረንጓዴ ብሎን ይጀምራል። ፓነሉ ለቤት የተሠራ ስለሆነ ብሎኗ በትንሽ ከረጢት አብራው ትመጣለች፤ ሥራዋ የኒውትራሉን ባር ከፓነሉ ሳጥን ቆርቆሮ ጋር ማያያዝ ነው። ሰው ዕቃ እንዳይተርፈው ብሎ ጥርቅም አድርጎ ያስራታል። ትራክ ላይ አትታሰርም። የግራውንድ ባር ለብቻው ተገዝቶ ቆርቆሮው ላይ ይገጠማል።

ጄነሬተርና ኢንቨርተር (የባትሪን ኃይል ወደ ቤት መብራት የሚቀይረው) ሲመጣ ግን ነገሩ ይለወጣል። ገመዱ ሲነቀል ምንጩ እዚያው ትራኩ ላይ ነውና ቦንዱም ምንጩ ጋ ይሆናል። ብዙ ኢንቨርተር ቻርጀሮች በሪሌ፣ በራሱ በሚከፍትና በሚዘጋ ማብሪያ፣ ራሳቸው ያስሩታል፤ የውጭ መብራት ሲመጣ ይፈቱታል። ኒውትራሉ የትም ያልታሰረ ጄነሬተርም አለ፤ መመሪያውን አንብቡ።

ባትጠይቁኝም ይህን ልጨምር። ባለ30 አምፒሩ የካምፕ ሶኬት (ካምፕ ውስጥ ተሽከርካሪ የሚሰካበት) ሦስት እግር፣ 120 ቮልት ብቻ ነው። ከልብስ ማድረቂያ ሶኬት ጋር አምታቶ 240 የሚያስገባበት ኤሌክትሪሺያን አለ፤ ሳትሰኩ በፊት ለኩ። ባለ50ው አራት እግር አለው፤ እሱ 120/240 ነው።

የራሳችሁን ፓነል ለመፈተሽ ገመዱን ንቀሉ፤ ጄነሬተሩንና ኢንቨርተሩን ከፓነሉ ለዩ። መልቲሜትሩን ድምፅ በሚሰጥበት ላይ አድርጋችሁ አንዱን ጫፍ ኒውትራል ባሩ፣ ሌላውን ሻሲው ላይ አስነኩ። ዝም ካለ ደህና ነው። ከጮኸ መጀመሪያ አረንጓዴዋን ብሎን ፈልጉ። እሷ ከሌለች ባለሦስት እግር አሮጌ የኤሌክትሪክ ምድጃ እንዳለ እዩ፤ ከጀርባው ኒውትራሉን ከአካሉ ጋር የሚያያይዝ ቁራጭ ብረት ይኖረዋል።