ክብሪቱን ተዉት፣ መድኃኒቱን አታቋርጡት

ጎንደር ውስጥ ሰው መንገድ ላይ ወድቆ ሲንቀጠቀጥ መጀመሪያ የሚፈለገው ክብሪት ነው። «ክብሪት! ክብሪት ያለው!» ይባላል። አንዱ ከኪሱ ያወጣል፣ ይጭራል፣ ጭሱን አፍንጫው ሥር ይይዛል። የወደቀው ሰው ከአፍታ በኋላ መንቀጥቀጡን ያቆማል። ሁሉም «ክብሪቱ አዳነው» ብሎ ይበተናል።

ይህን በሰማሁ ቁጥር እናደዳለሁ። ሥራዬ ፋርማሲ ውስጥ ነው። የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ከማራኪ፣ ከአዘዞ፣ ከደንቢያ፣ ከጭልጋ፣ ከአርማጭሆ ይመጣሉ። አንዳንዶቹ አፍንጫቸው ጫፍ ላይ የቃጠሎ ጠባሳ አላቸው። ጠባሳውን ያመጣው በሽታው አይደለም። ሊረዷቸው የፈለጉ ሰዎች የጫሩት ክብሪት ነው።

«ክብሪት ያነቃዋል»

አያነቃውም። እንዲህ ያለው መንቀጥቀጥ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 3 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ በራሱ ያበቃል። ክብሪት እስኪጠየቅ፣ እስኪገኝና እስኪጫር ያ ጊዜ ያልፋል። ክብሪቱ የሚደርሰው ነገሩ ሊያበቃ ሲል ነው። ምስጋናውን ግን እሱ ይወስዳል። ሰውየው በዚያ ሰዓት ራሱን ስቷል፤ የክብሪት ሽታ የሚሰማው አእምሮ የለውም። ትንፋሹ ተቆራርጦ ሳለ የድኝ ጭስ መጨመር ደግሞ የመተንፈሻ ቧንቧውን ከማስቆጣት ሌላ ምንም አይፈይድለትም።

ውስጥ የሚሆነው ይህ ነው። አንጎላችን ውስጥ 86 ቢሊዮን የሚያህሉ የነርቭ ሴሎች አሉ። የሚነጋገሩት በጥቃቅን የኤሌክትሪክ ምልክቶችና በኬሚካሎች ነው። ግማሾቹ ኬሚካሎች «ተናገር» ይላሉ፣ ግማሾቹ «ዝም በል» ይላሉ። ማኅሌት ቆማችሁ የምታውቁ ይገባችኋል። የቀኙ ወገን ሲመራ የግራው ይጠብቃል፣ ከዚያ ተራው ይደርሰዋል። ሁለቱም ወገኖች ያለ ተራ ባንድ ጊዜ ቢጮኹ ዜማ አይሆንም። የሚጥል በሽታ ማለት ብዙ የነርቭ ሴሎች ተራቸውን ትተው ባንድ ጊዜ ሲጮኹ ነው። ያ ጩኸት ወደ ጡንቻ ሲወርድ እጅና እግር ይንቀጠቀጣል።

ታዲያ ምን እናድርግ? ድንጋይ፣ እሳትና ስለት ከአጠገቡ አርቁ። ከራሱ ሥር ነጠላ ወይም ጃኬት አጥፋችሁ አድርጉ። የአንገት ልብሱን አላሉ። መንቀጥቀጡ ሲረግብ በጎኑ አስተኙት፤ ምራቁ ወደ ውጭ ይፈሳል፣ አይታነቅም። አፉ ውስጥ ማንኪያም፣ ቁልፍም፣ ጣትም አታስገቡ። ምላሱን አይውጥም፤ ሰው ምላሱን መዋጥ አይችልም። እጅና እግሩን ጨቁናችሁ አትያዙት። በደንብ እስኪነቃ ውሃም አታጠጡት። ሰዓት እዩ። ከ5 ደቂቃ ካለፈ ወይም ሳይነቃ በላይ በላዩ ከደጋገመው ባጃጅም ሆነ ያገኛችሁትን መኪና አቁማችሁ ወደ ሆስፒታል ውሰዱት። ነፍሰ ጡር ከሆነች፣ ውሃ ውስጥ ከወደቀ ወይም በሕይወቱ የመጀመሪያው ከሆነ ደግሞ 5 ደቂቃውን አትጠብቁ።

«ለሃጩ ከነካህ ይተላለፋል»

ይህን ስሰማ ንዴቴ ወደ ሐዘን ይለወጣል። የሚጥል በሽታ በምራቅ፣ በትንፋሽ፣ በመንካት አይተላለፍም። አረፋው ያልተዋጠ ምራቅ ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም።

ከደንቢያ የምትመጣ አንዲት ሴት አለች። ምድጃ አጠገብ እንጀራ ስትጋግር ጣላት። ክንዷ እሳቱ ላይ አረፈ። ቤት ውስጥ ሰው ነበረ። አረፋውን ፈርተው ቆመው አዩአት። ሁለት ጣቶቿ ዛሬ አይታጠፉም። መድኃኒቷን ስሰጣት የብሩን ኖት በሌላኛው እጇ ነው የምትዘረጋልኝ። በሽታው እንዲህ አላደረጋትም። ከእሳቱ ላይ ለመሳብ አንድ ሰው ብቻ ይበቃ ነበር።

«ቡዳ ነው፣ የሰው እጅ አለበት፤ መድኃኒት አይነካውም»

መድኃኒት ይነካዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በትክክል ከታከሙ ከ10 ሰዎች 7ቱ ያህል ሳይጥላቸው መኖር ይችላሉ። መነሻውም ብዙ ነው። ምጥ ሲጠና የታፈነ ሕፃን፣ ማጅራት ገትር፣ ወደ አንጎል የወጣ ወባ፣ የራስ ጉዳት፣ ስትሮክ። መተማና ሁመራ ለአጨዳ ወርዶ ወባ አንጎሉን የጎዳው ወጣት ከሰው ዓይን ጋር ምን አገናኘው? ብዙ ጊዜ ደግሞ መነሻው አይታወቅም። አለመታወቁ ግን ጎረቤትን በቡዳነት ለመጠርጠር ምክንያት አይሆንም።

ስለ ጠበል ከእኔ የሚጠበቀው ክርክር ይመስለኛል። አልከራከርም፤ እኔም እጠመቃለሁ። የምለው አንድ ነገር ነው፦ ጠበል ቦታ ስትገቡ ኪኒኑን አትተዉት። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የኤችአይቪ መድኃኒትና ጠበል አብረው እንደሚሄዱ በይፋ ተናግረዋል። ለዚያ የተባለው ለዚህ የማይሆንበት ምክንያት አይታየኝም። ኪኒኑን በጠበሉ ዋጡት። ሌሊት ተነስቶ መጠመቅ ግን እንቅልፍ ያሳጣል፣ እንቅልፍ ማጣት ደግሞ በሽታውን ይቀሰቅሳል። ስለዚህ እንቅልፉን ቀን አካክሱ።

«ተሽሎኛል፣ አሁን መድኃኒቱን ላቁም»

ሰው የሚገድለው ይህኛው ነው። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልናገር።

አካባቢያችን ብዙ ሰው የሚወስደው ፌኖባርቢታል ነው። አዲስ መድኃኒት አይደለም። ለሚጥል በሽታ እንደሚሠራ አንድ ጀርመናዊ ሐኪም ያሳየው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1912 ነው። ርካሽ ነው፣ ብዙ ሰው ላይ ይሠራል። ሥራው ያ «ዝም በል» የሚለውን ኬሚካል ማገዝ ነው። ኬሚካሉ ጋባ ይባላል። ፌኖባርቢታል ሲኖር ጋባ የሚያስተላልፈው ምልክት ይረዝማል፣ ሴሎቹ ባንድ ጊዜ ለመጮኽ ይቸግራቸዋል። በሽታውን ከሥሩ ነቅሎ አይጥለውም። ይዞት ይቆያል። ሳይጥላችሁ ዓመት ካለፈ መድኃኒቱ እየሠራ ነው ማለት ነው። ብዙ ሰው «ድኛለሁ» ብሎ የሚያነበው ይህንን ነው።

አሁን ልብ በሉ። ፌኖባርቢታል ሰውነት ውስጥ በዝግታ ይጠራቀማል፣ በዝግታ ይወጣል። ሙሉ መጠኑን ለመያዝ 2 ወይም 3 ሳምንት ይፈጅበታል። ስታቆሙትም ግማሹ ለመውጣት ብቻ 4 ቀን ገደማ ይወስዳል። ሰውን የሚያታልለው ይህ ነው። ዛሬ ትተዋላችሁ፣ ነገ ምንም የለም። ከነገ ወዲያም ምንም የለም። «ያለሱም ደህና ነኝ» ትላላችሁ። ከዚያ በሳምንቱ፣ በአሥር ቀኑ ይጥላችኋል። በዚያ ጊዜ ኪኒን መተዋችሁን ማንም አያስታውስም። የተበላው ምግብ፣ ያለፈው ጥል፣ የጎረቤት ዓይን ይከሰሳል።

ነገሩ ወደ ቀድሞው ቦታ በመመለስ ብቻ ቢያበቃ ባልከፋ። አንጎል ለዓመታት ከመድኃኒቱ ጋር ተላምዷል። ዝምታው በድንገት ሲነሳበት ከበፊቱ ብሶ ይቆጣል። አንዱ ሳያበቃ ሌላው ይከተላል፣ ሰውየው መሀል ላይ አይነቃም። ይህ የድንገተኛ ክፍል ጉዳይ ነው። ሊገድል ይችላል።

ከጭልጋ የሚመጣ አንድ ልጅ ነበረ። ከዓመት በላይ አልጣለውም። ትምህርቱን ቀጥሎ ነበር። እናቱ «ኪኒን ልጄን አከሳው» ብለው አስቆሙት። ከክፋት አይደለም፤ እናት ናቸው፣ አዝነው ነው። በሁለተኛው ሳምንት ራሱን እንደሳተ ሆስፒታል አስገቡት። ከሞት ተርፏል፤ ማስታወስ ግን እንደ በፊቱ አይችልም። እናቱ ከዚያ በኋላ መድኃኒቱን ሊወስዱ ሲመጡ ኪኒኑን መስኮቱ ላይ አንድ በአንድ ቆጥረው ነው የሚረከቡኝ። «እማማ፣ እኔ ቆጥሬዋለሁ» ብላቸውም ይቆጥራሉ።

ማቆም የሚቻልበት ጊዜ አለ። ቢያንስ 2 ዓመት ሳይጥል ካለፈ ሐኪሙ ያስብበታል። ከወሰነም በወራት ውስጥ ቀስ በቀስ ይቀንሰዋል። ባንድ ቀን አይቋረጥም። ዘመድ አይወስንም፣ እኔም አልወስንም።

«ሱስ ያስይዛል» ለሚሉ ደግሞ። ሰውነት ከመድኃኒቱ ጋር ይላመዳል፣ ለዚህም ነው በድንገት የማይቆመው። ሱስ ግን ሌላ ነው። ኪኒኑን አምሮት፣ መጠኑን እየጨመረ የሚውጥ ታካሚ እኔ አላጋጠመኝም። የሚያጋጥመኝ መውሰድ የሰለቸው ነው።

«ያደነዝዛል» የሚሉትስ? በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እንቅልፍ ያበዛል፣ እውነት ነው። አብዛኛው ሰው ላይ ይቀንሳል። ልጆችን አንዳንዴ በተቃራኒው ያቅበጠብጣል። ካልቀነሰ ለሐኪሙ ተናገሩ፤ መጠን ይስተካከላል ወይም ሌላ መድኃኒት ይታዘዛል። ራሳችሁ ግማሽ አድርጋችሁ አትዋጡ።

«ጾም ላይ ነኝ» የሚለውም ምክንያት አይሆንም። ፌኖባርቢታል ባብዛኛው በቀን አንዴ ማታ ስትተኙ ነው የሚወሰደው። ጾሙን አይነካም። ጠዋትና ማታ የሚወሰድ የታዘዘላችሁ ደግሞ የንስሐ አባታችሁን አማክሩ። የታመመን ሰው «ኪኒን አትዋጥ» ያለ አባት እስካሁን አላየሁም።

«የወሊድ መከላከያ እየወሰድኩ ነው፣ አላረግዝም»

እህቶቼ፣ ይህን የሚነግራችሁ ጥቂት ነው። ፌኖባርቢታል፣ እንዲሁም ሌሎቹ የሚጥል በሽታ መድኃኒቶች ፌኒቶይንና ካርባማዜፒን ጉበትን ያነቃቁታል። የነቃ ጉበት የወሊድ መከላከያውን ሆርሞን ቶሎ ይፈጨዋል። በየቀኑ የሚዋጠው ኪኒንም፣ ክንድ ላይ የሚቀበረውም ሳይሠራ ሊቀር ይችላል። የሦስት ወሩ መርፌና ማህፀን ውስጥ የሚገባው ሉፕ ይሻላሉ። ቫልፕሮኤት የሚባለው ሌላው የሚጥል በሽታ መድኃኒት ደግሞ ፅንስን ይጎዳል፤ ለመውለድ ያሰበች ሴት አስቀድማ ሐኪም ታናግር። ካረገዛችሁ በኋላ ደንግጣችሁ መድኃኒት አታቁሙ። በሽታው ራሱ ከባድ ሆኖ ሲጥል ለእናትም ለፅንስም አደጋ ነው።

ጥምቀት ሲደርስ የምደጋግመውንም ልጨምር። የከተራ ሌሊት ሙሉ ስትቆሙ አታድሩ፤ ጋደም በሉ። ጠላና አረቄ እለፉ። ጥር 11 ጠዋት ደግሞ ፋሲለደስ መዋኛ ውስጥ አትዝለሉ። ደስታው ይገባኛል፣ እኔም የዚህ ከተማ ልጅ ነኝ። ውሃ ውስጥ የጣለውን ሰው ግን በዚያ ሕዝብና በዚያ ጩኸት መሀል ቶሎ የሚያይለት የለም። ሲረጭ ዳር ቆሞ መጠመቅ ይበቃል።

የቀሩትን ቶሎ ቶሎ ልበላቸው።

«ሰው ከአእምሮው 10 በመቶውን ብቻ ነው የሚጠቀመው።» ሐሰት ነው፤ ሁሉም ክፍል ሥራ አለው።

«ማስታገሻ የታመመውን ቦታ ፈልጎ ይሄዳል።» አይፈልግም። በደም ተጭኖ ሁሉም ቦታ ይደርሳል። ለጉልበታችሁ የዋጣችሁት ዲክሎፌናክ ጨጓራችሁን የሚያቆስለው ለዚህ ነው።

«ነርቭ ነው» ተብሎ ለሁሉም የቫይታሚን ቢ መርፌ። ቫይታሚኑ ያላነሰው ሰው አይጠቅመውም። እግራችሁ ከደነዘዘ መጀመሪያ ስኳራችሁን ተመርመሩ።

«ፊቱን ንፋስ መታው።» የፊት ነርቭ ሲቆጣ ፊት ይጣመማል፣ ዓይን አልከደን ይላል። በመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት የሚጀመር መድኃኒት አለ፤ ሳምንት ቅቤ እየተቀባችሁ አትጠብቁ። እጅም ከዛለ ወይም አንደበት ከተሳሰረ ስትሮክ ሊሆን ይችላልና ያኔውኑ ሂዱ።

«መርፌ ከኪኒን ይበልጣል።» የሚውጥ፣ የማያስመልስና ለበሽታው የሚሆን ኪኒን ያለው ሰው አብዛኛውን ጊዜ መርፌ አያስፈልገውም። ቂጥ ውስጥ የሰውነታችን ወፍራሙ ነርቭ ያልፋል። ቦታውን ስቶ የተወጋ መርፌ ያንን ነርቭ ሲጎዳው እግር መዳፉን ማንሳት ያቅተዋል። አንድ የማውቀው ሹፌር ለጉንፋን «ጠንከር ያለ መርፌ ውጉኝ» ብሎ አስወግቶ ዛሬ ቀኝ እግሩን ይጎትታል። ጉንፋኑ በራሱ ይለቀው ነበር።

የሚጥል በሽታ መድኃኒት ለምትወስዱ አንድ የሥራ ጉዳይ ልንገራችሁ። ፌኖባርቢታል ያለ ሐኪም ማዘዣ አይሸጥም፤ «ሐኪሙን አውቀዋለሁ» ብትሉኝም አልሰጣችሁም። ስለዚህ ኪኒኑ አልቆ አትምጡ። የ7 ቀን ሲቀራችሁ ኑ። መንገድ ሊዘጋ ይችላል፣ መኪና ሊጠፋ ይችላል፣ እኛም ጋ ሊያልቅ ይችላል። ከሩቅ የምትመጡ ሐኪሙን የ2 ወይም የ3 ወር እንዲጽፍላችሁ ጠይቁት። ራሳችሁ መምጣት ካልቻላችሁ ካርዱንና ማዘዣውን ለዘመድ አስይዛችሁ ላኩ። ባዶውን ብልቃጥም አብራችሁ ላኩልኝ፤ የስንት ሚሊግራሙን እንደምትወስዱ ከእሱ ላይ አነበዋለሁ።