«አማራጭ 60» የሚበራው መቼ ነው?

ዊንዶውስን በኔትወርክ ለብዙ ኮምፒውተሮች የሚጭን ሰርቨር ያዋቀረ ሰው ሁሉ አንድ ቀን «አማራጭ 60» ላይ ይቆማል። ስሙ ምንም አይናገርም፤ ነገሩ ግን የበር ጉዳይ ነው።

ባዶ ኮምፒውተር በኔትወርክ ሲነሳ «አድራሻ ስጡኝ፤ የሚያስነሳኝስ ማን ነው?» ብሎ ይጣራል። ጥሪው የሚደርሰው በፖርት 67፣ ማለትም በሰርቨሩ 67 ቁጥር የኔትወርክ በር ነው። አድራሻ አዳዩ ዲኤችሲፒ እና አስነሺው ዊንዶውስ ዲፕሎይመንት ሰርቪስስ በተለያዩ ማሽኖች ላይ ከሆኑ ሁለቱም በየቤታቸው 67 ላይ ያዳምጣሉ፤ ጠብ የለም። በአንድ ማሽን ላይ ሲኖሩ ግን አንዷ በር ለሁለቱ አትበቃም። ስለዚህ ሰርቨሩን በሚያዋቅረው ስክሪፕት ውስጥ ለደብልዩዲኤስዩቲል (የአስነሺው የትእዛዝ መሣሪያ) ሁለት ትእዛዞች አብረው ይሰጣሉ፦ «ዩዝዲኤችሲፒፖርትስ» ኖ፣ «ዲኤችሲፒኦፕሽን60» የስ። የመጀመሪያው አስነሺውን ከ67 ያስለቅቀዋል። ሁለተኛው፣ ማለትም አማራጭ 60፣ በዲኤችሲፒ መልስ ላይ «ፒኤክስኢክላይንት» የሚል ቃል አክሎ ኮምፒውተሩን «አስነሺው እዚሁ ነው፤ ፖርት 4011ን አንኳኳ» ይለዋል።

ስህተቱ የሚበዛው የአንዱን ቢሮ ስክሪፕት ለሌላው ሲገለብጡ ነው። ሰርቨሮቹ ተለያይተው ሳለ 60 ከበራ፣ ኮምፒውተሩ አድራሻውን በደህና ያገኝና ማንም የሌለበትን በር ሲያንኳኳ ይቀራል። አድራሻ አግኝቶ የቆመ ማሽን ስታዩ ኬብሉን ከመነቅነቃችሁ በፊት 60ን እዩ።