ከማቅለሚያ ሞለኪውሎች ስለሚሠሩ ሴሚኮንዳክተሮች (ኤሌክትሪክን በከፊል የሚያስተላልፉ ቁሶች)፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ካርቦን አዘል ቁስ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም።»

ብዙዎቹ ፕላስቲኮች አያስተላልፉም። በማቅለሚያ ሞለኪውሎች ውስጥ ግን ነጠላና ድርብ ትስስሮች ስለሚፈራረቁ ኤሌክትሮኖቹ በአንድ ቦታ ታጥረው አይቀሩም፤ ሞለኪውሉን ባለ ቀለም የሚያደርገውም ይኸው ባሕርይ ነው። ኬሚስቱ ቺንግ ታንግ በ1986 እ.ኤ.አ. ያሳተመው የፀሐይ ሴል ሰማያዊውን የመዳብ ፍታሎሲያኒን ማቅለሚያ ከሌላ ማቅለሚያ ማለትም ከፔሪሊን ዝርያ ጋር በሁለት ንብርብር አጣምሮ ካረፈበት የብርሃን ኃይል 1 በመቶ ያህሉን ወደ ኤሌክትሪክ ለውጧል።

«ፀሐይ የማያደበዝዘው ማቅለሚያ በትራንዚስተር ውስጥም አይበላሽም።»

ከሁሉ ይልቅ አሳሳቹ ይህ ይመስለኛል። በቀለም ቅብ ውስጥ ያለ ሞለኪውል ኤሌክትሮን ሳይጨመርበት ወይም ሳይጎድልበት ይቆያል፤ በትራንዚስተር (የኤሌክትሪክ ፍሰትን በሚቆጣጠር ትንሽ መሣሪያ) ውስጥ ያለው ግን በየጊዜው ኤሌክትሮን ይቀበላል ወይም ይሰጣል፤ ተጨማሪ ኤሌክትሮን የተሸከመውን ሞለኪውል ደግሞ ከአየር የሚገቡ ኦክስጅንና እርጥበት በቀላሉ ያጠቁታል። ስለዚህ አንድ ቁስ የተረጋጋ ነው ከመባሉ በፊት በየትኛው ሁኔታና ከምን አንጻር እንደሆነ መጠየቅ አለበት። ተመራማሪዎች በፔሪሊን ዳይኢሚድ (ከፔሪሊን ዝርያዎች አንዱ) ላይ እንደ ሲያኖና ፍሎሪን ያሉ ኤሌክትሮን ሳቢ ቡድኖችን በመጨመር፣ ኤሌክትሮኑ የሚያርፍበትን የኃይል ደረጃ ከቫክዩም (ኤሌክትሮን ከቁሱ ነጻ ከሚወጣበት ደረጃ) በታች ወደ 4 ኤሌክትሮንቮልት (የኤሌክትሮን ኃይል መለኪያ) ወይም ከዚያም በላይ ያወርዱታል፤ ያን ጊዜ ኦክስጅን ኤሌክትሮኑን ለመንጠቅ ይቸገራል።

«ሞለኪውሎችን የሚያያይዘው የሃይድሮጅን ትስስር የኤሌክትሪክ እንቅፋት ነው።»

በኢንዲጎ (የጂንስ ሰማያዊ ማቅለሚያ) ሞለኪውል ውስጥ የኤሌክትሮኖቹ መንገድ አጭር መሆኑ እውነት ነው። ሆኖም ሞለኪውሎቹ በሃይድሮጅን ትስስር (በሃይድሮጅን አማካይነት በሞለኪውሎች መካከል በሚፈጠር መሳሳብ) ተያይዘው ተጠጋግተው ስለሚደረደሩ ቻርጅ ከአንዱ ወደ ሌላው ይሻገራል፤ በኦስትሪያ የሊንዝ ተመራማሪዎችም በኢንዲጎ፣ ቀጥሎም ኳይናክሪዶን በተባለው ማቅለሚያ ትራንዚስተሮችን ሠርተው ይህን በተግባር አሳይተዋል።

«የማቅለሚያ ሴሚኮንዳክተሮች ሲሊከንን ይተካሉ።»

አይተኩም። በንጹሕ የሲሊከን ክሪስታል ውስጥ ኤሌክትሮን ከእነዚህ ቁሶች በመቶዎች እጥፍ በላይ ይፈጥናል፤ የእነርሱ ቦታ የሚተጣጠፉና ሰፊ ገጽ ያላቸው መሣሪያዎች ናቸው።

«የማይሟሟ ማቅለሚያ እንደ ፈሳሽ ቀለም በገጽ ላይ ሊታተም አይችልም።»

ይችላል። የተለመደው መንገድ እንደ ዳይኬቶፒሮሎፒሮል ባሉ ማቅለሚያዎች ናይትሮጅን ላይ ረጅም የካርቦን ሰንሰለት ማያያዝ ነው፤ ሞለኪውሉ ይሟሟል፣ ነገር ግን የሃይድሮጅን ትስስሩን ያጣል። ሌላው መንገድ በሙቀት የሚነቀል ጊዜያዊ ቡድን መጨመር ሲሆን፣ ቁሱ ተሟሙቶ ከተቀባ በኋላ ሲሞቅ ቡድኑ በጋዝ መልክ ይወጣና የማይሟሟው ማቅለሚያ ከነትስስሩ ይመለሳል። የሃይድሮጅን ትስስሩ ቁሱን ስለሚያጸና፣ ዓላማው መረጋጋት ከሆነ ሁለተኛው ይበልጥ ተስፋ የሚጣልበት ነው።