በጥንቆላ አልተፈረደባትም፣ ጳጳሱም ሰይጣን አይደለም

በየዓመቱ የአየርላንዳዊውን ጸሐፌ ተውኔት የበርናርድ ሾውን «ሴይንት ጆን» (ቅድስት ዣን) ለተማሪዎቼ አስነብባለሁ፤ በየዓመቱም ያንኑ ስህተት በሌላ ሰው የእጅ ጽሕፈት አርማለሁ። ተውኔቱ በ15ኛው መቶ ዘመን የፈረንሳይን ጦር አስከትላ በእንግሊዞች ላይ ዘምታ፣ ገና በ19 ዓመቷ ገደማ በእሳት ስለተቃጠለችው ስለ ዣን ዳርክ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ መድረክ ላይ የታየው በ1923 ኒውዮርክ ውስጥ ነው። (ዘመኖቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ ሰባትና ስምንት ዓመት ቀንሶ የሚያመጣልኝ ተማሪ አላጣሁም።)

ትንንሾቹን ቶሎ ቶሎ ልበል።

«ምስኪን እረኛ ነበረች።» አልነበረችም። አባቷ በዶምሬሚ መንደር መሬትና ከብት ያለው፣ ቃሉ የሚሰማ ገበሬ ነበር። እርሷም ችሎት ፊት ቆማ፣ በስፌትና በፈትል የሩዋን (የተፈረደባት ከተማ) ሴት አትበልጠኝም ብላለች።

«በሰይፏ ስንቱን ጣለችው!» በምርመራው ላይ ከሰይፏ ይልቅ ዓርማዋን አርባ እጥፍ እንደምትወድ፣ ሰውም ገድላ እንደማታውቅ ተናግራለች።

«እንግሊዞች ጠንቋይ ናት ብለው አቃጠሏት።» እንግሊዞች ከማረኳት ሰዎች እጅ በ10,000 ሊቭር (የዘመኑ የፈረንሳይ ገንዘብ) ገዝተዋታል፤ ሞቷንም ፈልገዋል። የፈረደባት ግን አብዛኞቹ ዳኞች ፈረንሳውያን የሆኑበት የቤተ ክርስቲያን ችሎት ነው፤ ፍርዱም «ክዳ የተመለሰችበትን ኑፋቄ ዳግም የያዘች» የሚል እንጂ ጥንቆላ አይደለም። ይህን ለማወቅ ታሪክ ማገላበጥ እንኳ አያስፈልግም። በአራተኛው ትዕይንት ችሎቱን የመራው ጳጳስ ኮሾን ለእንግሊዛዊው ባላባት ለዎሪክ፣ ጠንቋይ ሳትሆን መናፍቅ ናት ብሎ በግልጽ ይነግረዋል። ማንበብ ብቻ ነው።

«ሰማዕት ተብላ ቅድስና ተሰጣት።» የእኛን ሰው የሚያስደንቀው ይህ ነው። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በ1920 ቅድስት ስትላት በድንግልናዋ እንጂ በሰማዕትነት አልመዘገበቻትም። የፈረደባት አረማዊ ንጉሥ ሳይሆን ጳጳስ መሆኑን ልብ ይሏል።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ። «ተውኔቱ የአንዲት ንጹሕ ልጅና የክፉ ዳኞች ታሪክ ነው» የሚለው። አንድ ተማሪ አሥራ ሁለት ገጽ ሙሉ ኮሾንን ከይሁዳ ጋር ሲያነጻጽር ከርሞ፣ ከራሱ ከኮሾን ንግግር አንድ መስመር አልጠቀሰም። ለምን ስለው «መልሱ ግልጽ ስለሆነ» አለኝ። ግልጽ የሆነለት ተውኔቱን ሳይከፍተው ነው።

ሾው የከፋ ሰው አልጻፈም፤ በረጅሙ መቅድሙም ይህንኑ ይናገራል። የእርሱ ኮሾን የልጅቱን ነፍስ ለማዳን የሚለፋ፣ ዎሪክ ሲጫነው የሚቆጣ ሰው ነው። የኢንኩዊዚሽኑ (መናፍቃንን የሚመረምረው የቤተ ክርስቲያን ችሎት) ዳኛ ያን ረጅም ንግግር ሲያደርግ ድምፁን አያነሣም፤ ስለ ምሕረት ነው የሚያወራው። እርሷ ወደ እሳቱ ከተወሰደች በኋላ ደግሞ ምንም በደል እንዳልነበረባት፣ የተከሰሰችበትንም እንዳልተረዳችው ለኮሾን ይነግረዋል። ይህን አረፍተ ነገር ተማሪዎቼ ሁሉ ይዘልሉታል። ክፉ ሰው ቢሆንማ ኖሮ እንዴት በቀለለን! እያወቀ፣ እያዘነ፣ ሕጉን ጠብቆ የሚያቃጥል ሰው ነው ሾው ፊታችን ያቆመው።

በአንድ ልምምድ ላይ ኮሾንን የሚጫወተው ልጅ ግንባሩን ቋጥሮ፣ ጥርሱን ነክሶ ገባ። አስቆምሁትና «ታናሽ እህትህ ገደል አፋፍ ላይ ቆማለች፤ እንድትመለስ ነው የምትለምናት» አልሁት። ያንኑ ቃል ደገመው። ዣንን የምትጫወተው ልጅ ቀጥሎ ያለውን መስመሯን ረሳችው፤ እኔም አላስታወስኋትም።

ይህን ስል የታሪኩን ኮሾን ነጻ ማውጣቴ አይደለም። እውነተኛው ሰው የእንግሊዝ ንጉሥ አማካሪ ነበር፤ ፍርዱም በ1456 ተሽሯል። ሾው አለስልሶታል። ስለዚህ «የተውኔቱ ኮሾን» እና «የታሪኩ ኮሾን» ብላችሁ ለይታችሁ ጻፉ፤ ግማሽ ነጥብ የምትጥሉት እዚህ ላይ ነው። ዘመኑንም እንዲሁ። በታሪኩ ግንቦት 24 ቀን 1431 ኑፋቄዋን መካዷን ፈረመች፤ ከጥቂት ቀናት በኋላ የወንድ ልብስ መልሳ ለበሰች፣ ይህም ወደ ኑፋቄዋ እንደ መመለስ ተቆጠረባት፤ ግንቦት 30 ተቃጠለች። ሾው ግን ሁሉንም አንድ ቀን ውስጥ ከተተው፤ ዕድሜ ልክ እስር እንደሚጠብቃት ስትሰማ ወረቀቱን እዚያው ትቀደዋለች። ጸሐፊው ተሳሳተ አትበሉ። መድረክ ላይ ስድስት ቀን አይጠበቅም።

ደግሞም አራተኛውን ትዕይንት ሁለት ጊዜ ሳታነቡ ስድስተኛውን፣ የችሎቱን፣ አትክፈቱ። ድንኳን ውስጥ ሦስት ሰዎች ተቀምጠው ከማውራት በቀር የሚሆን ነገር የለም፤ ስለዚህ ሁሉም ያልፈዋል። ዕጣዋ ግን የተቆረጠው እዚያ ነው። ትቃጠል እያለ የሚጮኸውን እንግሊዛዊ ቄስ እዚያ ካላወቃችሁት፣ በኋላ እሳቱን በዐይኑ አይቶ እያለቀሰ ሲሮጥ ስትመለከቱ ምንም አይሰማችሁም።

የመጨረሻው፦ «መደምደሚያው ትርፍ ነው፤ ቢቆረጥ ይሻላል።» ቁረጡትና የቀረው የልቅሶ ቤት ይሆናል። ሃያ አምስት ዓመት አልፏል። የፈረንሳዩ ንጉሥ ቻርልስ አልጋው ላይ እንዳለ፣ ሞተውም ሆነ በሕይወት ሳሉ የሚያውቋት ሁሉ በሕልሙ ይመጣሉ፤ ከ1920 የመጣ አንድ ሰውም ቅድስት መባሏን ያነብባል። ሁሉም ተንበርክከው ያወድሷታል። እርሷም ታዲያ ከሞት ልነሣና ወደ እናንተ ልመለስ ወይ ብላ ትጠይቃለች። አንድ በአንድ፣ በትሕትና፣ ምክንያት እየሰጡ ይወጣሉ። አብሯት የሚቆየው፣ እሳቱ ዳር ሁለት እንጨት አስሮ መስቀል የሰጣት ተራ ወታደር ብቻ ነው። እርሱም ለዚያች መስቀል ሲባል በዓመት አንድ ቀን ከሲኦል ፈቃድ የሚሰጠው ነው፤ ሊያጽናናት አፉን እንደከፈተ እኩለ ሌሊት ይደወላል።